አጭር ክር ለጠባብ ወንዝ

ትራውት የሚባለውን የተራራ ወንዝ ዓሣ ለማጥመድ ሱቅ ቢገቡ፣ ሻጩ ውድ ውዱን ያሳይዎታል። ከመክፈልዎ በፊት ታሪክን ይጠይቁ።

ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን ስለ መቄዶንያ አጥማጆች ጽፏል። መንጠቆውን በቀይ ሱፍ ጠቅልለው፣ የአውራ ዶሮ ላባ አክለው ዝንብ ያስመስሉት ነበር። ዘንጉ 6 ጫማ፣ ክሩም 6 ጫማ ነው። የጃፓን ተራራ ሰዎችም «ቴንካራ» በሚሉት ዘዴ ክሩን ከረጅም ቀርከሃ ጫፍ አስረው፣ ያለ ማጠንጠኛ እያጠመዱ ይተዳደሩ ነበር።

የሁለቱም ምስጢር አጭር ክር ነው። በጠባብ ወንዝ ዓሣው ቅርብ ነው፤ ረጅም ክር ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ስለዚህ ዛፍ በበዛበት 7 ጫማ ገደማ የሆነ ቀላል ዘንግ፣ ገላጣ በሆነበት ቴንካራ ይበቃዎታል። በላብዎ ካገኙት ዶላር በተረፈው የማጥመጃ ፈቃድ ያውጡ፤ ያለ ፈቃድ ማጥመድ ያስቀጣል።