የክሪፕቶ ቀሪ ሂሳብን በኤፒአይ ማጣራት፦ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ቢትኮይን፣ ኢተር ወይም ዋጋው ከዶላር ጋር የተቆራኘውን ዩኤስዲቲ በአደራ ጠባቂ ድርጅት ዘንድ ያስቀመጠ ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ቀሪ ሂሳብ ገንዘቡ ራሱ አይደለም። ድርጅቱ በገዛ መዝገቡ ላይ ለደንበኛው የጻፈለት ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር መተግበሪያውን ሳይከፍቱ በሶፍትዌር አማካይነት በቀጥታ ለመጠየቅ የሚያስችለው መንገድ ኤፒአይ ይባላል። በተለያዩ ድርጅቶች ዘንድ ሂሳብ ያለው ነጋዴ ወይም የሂሳብ ባለሙያ፣ ሁሉንም በአንድ ሠንጠረዥ ለማየት የሚጠቀመው ይህንኑ ነው።

ክሪፕቶከረንሲን ማንቀሳቀስ የሚችለው የግል ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው። ቁልፉ የጠፋበት ሰው የሚያመለክትበት ቢሮ ስለሌለ ብዙዎች ቁልፉን ድርጅት እንዲይዝላቸው ይመርጣሉ። ነገሩ ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ አይደለም። ኬንያ ውስጥ እአአ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ኤምፔሳ በስልክ የሚያሳየው ቁጥርም የመዝገብ ቁጥር ነው፤ ተመጣጣኙ ሽልንግ በንግድ ባንኮች በአደራ ሂሳብ ይቀመጣል። ልዩነቱ ኤምፔሳን የሚቆጣጠር ማዕከላዊ ባንክ መኖሩ ነው።

ጥያቄው እንዴት ይቀርባል?

ደንበኛው በቅድሚያ ከድርጅቱ ሁለት ነገሮችን ያወጣል። አንደኛው ጠያቂው ማን እንደሆነ የሚገልጽ የኤፒአይ ቁልፍ ሲሆን ሌላኛው ለማንም የማይሰጥ ምስጢራዊ ኮድ ነው። ሶፍትዌሩ ጥያቄውን ሲልክ የተላከበትን ሰዓት ይጨምርበታል፤ በምስጢራዊው ኮድም ይፈርምበታል። ሰዓቱ የሚያስፈልገው ጥያቄውን የጠለፈ ሰው ቆይቶ መልሶ እንዳይልከው ነው። ለምሳሌ ባይናንስ በተለመደው አሠራሩ ከ5 ሰከንድ በላይ የዘገየ የተፈረመ ጥያቄ አይቀበልም። በመሆኑም የኮምፒውተሩ ሰዓት የተዛባበት ሰው ቁልፉ የተበላሸ መስሎት ሲደናገር ሊውል ይችላል።

የሚመጣውን መልስ ማንበብ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀሪ ሂሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ይቀርባል፦ አሁኑኑ ሊንቀሳቀስ የሚችለው እና ባልተጠናቀቀ ግብይት ምክንያት የተያዘው። የመጀመሪያውን ብቻ የደመረ ሰው ገንዘብ የጎደለበት ይመስለዋል። ከዚህም በላይ በርካታ መገበያያዎች የዕለት ግብይቱን፣ ወለድ የሚታሰብበትን ተቀማጭ እና የወደፊት ውሎችን ሂሳብ ለየብቻ ስለሚይዙ፣ ለአንዱ የቀረበ ጥያቄ ስለሌሎቹ ምንም አይናገርም። የአሃዝ ጉዳይም አለ። አንድ ቢትኮይን በ100 ሚሊዮን ሳቶሺ ይከፈላል፤ የኢተር ትንሹ ክፋይ ደግሞ ከነጥብ በኋላ 18 አሃዞች ድረስ ይወርዳል። እነዚህን ቁጥሮች እያጠጋጋ የሚያሰላ ሠንጠረዥ ውሎ አድሮ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር መጣላቱ አይቀርም።

የቁልፉ ሥልጣን

ኤፒአይ ቁልፍ ማየት ብቻ፣ መገበያየት ወይም ገንዘብ ማውጣት እንዲችል ሆኖ ሊዘጋጅ ይችላል። ቀሪ ሂሳብ ለማጣራት የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሆኖም ብዙዎች ሦስቱንም ፈቅደው ቁልፉን ለሌላ ኩባንያ ሶፍትዌር ያስረክባሉ። እአአ በታኅሣሥ 2022 ሥሪኮማስ የተሰኘው የግብይት አገልግሎት የደንበኞቹ ኤፒአይ ቁልፎች አፈትልከው መውጣታቸውን አምኗል። እንዲህ ባለ አጋጣሚ የማየት ሥልጣን ብቻ ያለው ቁልፍ የሚያጋልጠው የሂሳቡን ምስጢር እንጂ ገንዘቡን አይደለም። ቁልፉ ከተወሰነ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ እንዲሠራ መገደብም ሌባው የሰረቀውን ቁልፍ ከሌላ ቦታ እንዳይጠቀምበት ያግዳል።

ኤፒአይ የማይመልሰው ጥያቄ

ቁልፉ በጥንቃቄ ቢያዝም፣ ቁጥሩ ሳይዛነፍ ቢደርስም፣ ከጀርባው ንብረቱ ስለመኖሩ ኤፒአይ ማረጋገጫ አይሰጥም። ኤፍቲኤክስ እአአ በኅዳር 2022 ለኪሳራ ጥበቃ እስካመለከተበት ጊዜ ድረስ ደንበኞቹ በሂሳባቸው ላይ ሙሉ ቁጥር ያዩ ነበር። ገንዘቡ ግን አላሜዳ ሪሰርች ወደተባለው እህት ኩባንያ ሄዷል። ዐቃቤ ሕግ ደንበኞቹ ያጡትን ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አድርጎ ያስቀመጠው ሲሆን፣ መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ በመጋቢት 2024 የ25 ዓመት እስር ተፈርዶበታል።

ከዚያ በኋላ በርካታ መገበያያዎች በእጃቸው ያለውን ንብረት የሚያሳይ ማስረጃ ማሳተም ጀምረዋል። ማስረጃው ጠቃሚ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ድርጅቱ በተወሰነ ቀን ምን እንደያዘ ያሳያል እንጂ የማን ባለዕዳ እንደሆነ ሁልጊዜ አይናገርም። የተሻለው ማጣሪያ የሚገኘው አደራ ጠባቂው ለደንበኛው ለብቻው የተለየ የብሎክቼይን አድራሻ ሲሰጠው ነው። አድራሻውን ያወቀ ማንኛውም ሰው በውስጡ ያለውን መጠን ያለማንም ፈቃድ በይፋዊው መዝገብ ላይ አይቶ ከኤፒአዩ መልስ ጋር ሊያመሳክር ይችላል። የደንበኞች ንብረት በአንድ ላይ ሲቀላቀል ግን ይህ ዕድል የለም።

ቁጥሩ ከነጭራሹ የፈጠራ ሊሆን የሚችልበት ሁኔታም አለ። ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች እአአ በ2025 ከወጡት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያን እና ኬንያውያን ይገኙበታል። ከእነዚህ ካምፖች ከሚካሄዱት ማጭበርበሮች አንዱ ተበዳዩን ትርፉ በየቀኑ ሲያድግ ወደሚያሳይ ሐሰተኛ የክሪፕቶ መገበያያ መሳብ ነው። ጥቂት ገንዘብ አውጥቶ መሞከርም በራሱ መተማመኛ አይሆንም፤ አጭበርባሪዎቹ ትልቁን እስኪያገኙ ትንሹን ይከፍላሉ።

ቅሬታ የሚቀርብበት ቦታ እንደየአገሩ ይለያያል። የኬንያው ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ እአአ በጥቅምት 2025 በፈረሙት ሕግ መሠረት የክሪፕቶ አገልግሎት ሰጪዎችን ፈቃድ እና ቁጥጥር ማዕከላዊ ባንኩ እና የካፒታል ገበያ ባለሥልጣኑ ተከፋፍለውታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ እአአ በ2022 ባወጣው መግለጫ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል።