የዘወትር ጸሎት ልማድ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች

የዘወትር ጸሎት፣ ክርስቲያን የሆነ ሰው ቀኑንና ሌሊቱን በታወቁ ሰዓታት ከፍሎ፣ ለብቻው ወይም ከቤተ ሰቡና ከማኅበረ ምእመናን ጋር ሆኖ፣ ምስጋናውንና ልመናውን በየዕለቱ ለእግዚአብሔር የሚያቀርብበት ሥርዓት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጅማ፣ እንዲሁም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጪራ፣ ይህን ሥርዓት የሚጠብቀው ኑሮው በቡና ላይ የተመሠረተ ሕዝብ ስለሆነ፣ የሰዓቱን ድንጋጌ ከቤተ ክርስቲያን ቢቀበልም፣ ለጸሎት የሚሆነውን ፋታ የሚያገኘው ከለቀማውና ከገበያው መካከል ነው።

ምንጩና ሰዓታቱ

የልማዱ መሠረት በብሉይና በሐዲስ ይገኛል፤ ይኸውም ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ ማመስገኑን በመናገሩ፣ ዳንኤል በባቢሎን ምርኮ ሳለ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በየቀኑ ሦስት ጊዜ በመጸለዩ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስም በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ በመውጣታቸው ይታወቃል። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የሐዋርያት ትምህርትም አቡነ ዘበሰማያት በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸለይ ያዛል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በፍትሐ ነገሥት እንደ ተደነገገው፣ ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ትጠብቃለች። ነግህ ጌታ በጲላጦስ ፊት የቆመበት፣ ሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፣ ተሰዓት ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት፣ ሠርክ ሥጋው ወደ መቃብር የወረደበት፣ ንዋም በጌቴሴማኒ የጸለየበት፣ መንፈቀ ሌሊትም ልደቱና ትንሣኤው የሚታሰብበት፣ ዳግም ምጽአቱም ተስፋ የሚደረግበት ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት አቈጣጠር ከንጋት የሚጀምር በመሆኑ፣ ሦስት፣ ስድስትና ዘጠኝ ሰዓት በመጽሐፍ እንደ ተጠሩ ዛሬም በገበያና በእርሻ ይጠራሉ፤ ደግሞም ጅማ ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላምና፣ ገበሬው ጥላውን ዐይቶ ሰዓቱን ለመገመት አይቸገርም።

መጻሕፍቱና አከፋፈላቸው

ምእመኑ በየዕለቱ የሚደግመው መጽሐፍ በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ የተሰናዳ ነው። ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ እንደ ደረሰው የሚነገረው ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት ሰባት ክፍል አለው። መዝሙረ ዳዊትም አሥር አሥር መዝሙር በያዙ፣ ንጉሥ ተብለው በሚጠሩ 15 ክፍሎች ተመድቦ፣ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ግን ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይጸለያሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፉት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የደረሱት መጽሐፈ ሰዓታት ደግሞ በይበልጥ የካህናትና የመነኮሳት ነው።

በጅማ ምድር

ዳግማዊ አባ ጅፋር (የነገሡት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ.) ሙስሊም ንጉሥ ሲሆኑ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ግብር እየገበሩ ግዛታቸውን በራሳቸው ያስተዳድሩ ስለ ነበር፣ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ቍጥር የበረከተው ይልቁንም አገሩ በቀጥታ ለማዕከላዊው መንግሥት ካደረ በኋላ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዞኑ ከመቶው ሰው 86 ያህሉ ሙስሊም፣ 11 ያህሉ ኦርቶዶክስ ሲሆን፣ በከተማዋ ግን 47 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 39ኙ ሙስሊም፣ 13ቱ ፕሮቴስታንት ነበር። ስለዚህም የቤተ ክርስቲያኑ ደወልና የመስጊዱ አዛን ተከታትለው በሚሰሙበት አገር፣ ሥራን አቋርጦ ለጸሎት መቆም ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም።

ቡናውም ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው፤ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ብዙ ካህናት ቡና መጠጣትን የሌላ ሃይማኖት ልማድ ነው ብለው ይነቅፉ የነበረ ሲሆን፣ በምኒልክ ዘመን ነቀፌታው እየላላ ሄዷል። ዛሬ በክርስቲያኑ ቤት ዕጣን ጢሶ፣ ከአቦሉ እስከ በረካው ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጠጣ፣ በዕድሜ የገፉት ይመርቃሉ፣ የቀሩትም አሜን ይላሉ።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የዕለቱ ጸሎት የጥሞና ጊዜ እየተባለ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ጋር ማለዳ ይፈጸማል፤ ካቶሊካውያንም የመቍጠሪያ ጸሎት ያደርሳሉ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ኦርቶዶክሳውያን ወጣቶች፣ በ1984 ዓ.ም. በተመሠረተው በማኅበረ ቅዱሳን አስተባባሪነት፣ በግቢ ጉባኤ ተሰብስበው ትምህርትና ጸሎት ያደርጋሉ።

የቡናው ዓመትና የጸሎቱ ዓመት

እሸት ቡና የሚለቀመው በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ይህ ወቅት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ከሚቆየው ከዘመነ ጽጌ፣ እንደዚሁም ኅዳር 15 ከሚገባውና በልደት ከሚፈታው ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጣጠማል። ከዚህም የተነሣ ሰው ሁሉ ገና ሳይነጋ ወደ ማሳው በሚወጣበት፣ ቀይ ፍሬ ሲለቅም ውሎ አመሻሹ ላይ ወደ ማጠቢያው በሚያደርስበት ወይም ጀንፈሉን በአልጋ ላይ በሚያሰጣበት ወራት፣ ጾሙም ጸሎቱም ይበዛበታል። ቡናው በበልግ ዝናብ ሲያብብ ደግሞ 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ይሆናል።

ልማዱ የሚጸናበት መንገድ

ጀማሪ የሆነ ምእመን የንስሐ አባቱን አማክሮ ዐቅሙ የሚችለውን ይይዛል፤ በመጀመሪያ ጧትና ማታ አቡነ ዘበሰማያትንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ቀጥሎ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ ከዚያም ዳዊትን ይጨምራል። የሚጸልየው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ በሥዕለ አድኅኖ ፊት ቆሞ ሲሆን፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የሚለውን 41 ጊዜ በመቍጠሪያ ያደርሳል፤ ስግደትም ከተከለከለባቸው ከእሑድ፣ ከበዓላትና ከበዓለ ሃምሳ ቀናት በቀር ይሰግዳል።

በሥራ ላይ ያለ ሰው ሰባቱን ጊዜያት በሙሉ በመጽሐፍ ሊያደርስ ስለማይችል፣ ነግህንና ንዋምን በቤቱ አጽንቶ፣ በቀሩት ሰዓታት ከቅርንጫፉ ሥር ቆሞም ቢሆን በልቡ ያስባቸዋል። አባቶች የሚያስጠነቅቁት በሁለት በኩል ነው፤ አንደኛው ብዙ ጀምሮ በለቀማ ወራት ሁሉን መተው፣ ሁለተኛው ቃሉን በአፍ እየደገሙ በልብ የቡናውን ዋጋ ማስላት ነው። ለፊተኛው መድኃኒቱ ንስሐ አባት ድርሻውን በሥራ ጊዜ አሳንሶ በክረምት እንዲጨምርለት መጠየቅ ሲሆን፣ ለኋለኛው ደግሞ ጸሎቱን ቀስ ብሎ ትርጓሜውን እያስተዋሉ መድገም፣ ከጾምና ከምጽዋትም አለመለየት ነው፤ ጎተራው በሞላበት ወር ለድኻ ያልተከፈለ ድርሻ፣ በጸሎቱ ላይ የጎደለ ክፍል ሆኖ ይቈጠራልና።