ስኳሩ ሚዛን ላይ እያለ

እስኪ ቀረብ በሉ፤ ጓዳ ድረስ ስለገባ መንግሥት ላውጋችሁ።

ጊዜው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ወታደራዊው መንግሥት፣ ደርግ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበትን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። የቤት ኪራይ ቀነሰ። ወር በገባ ቁጥር የአከራዩ ፊት ሲያስጨንቀው የኖረ ተከራይ እልል አለ፤ እልልታውም ከልቡ ነበር። በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ እኛ ቀበሌ የምንለው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በእጁ ገቡ። ልብ በሉልኝ፤ ቀበሌ መጀመሪያ በራችንን ያንኳኳው የኪራይ ደረሰኝ ይዞ ነው።

ቀጥሎ መታወቂያ መጣ። ከመታወቂያው ጋር መዝገብ፦ በዚህ ቤት ማን ይኖራል፣ ልጆቹ ስንት ናቸው፣ ማን ሥራ አለው። ከመዝገቡ ጋር የቀበሌው ሱቅ፤ ስኳሩም ሳሙናውም በራሽን ሆነ።

አሁን አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የራሽን ካርዷን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፋለች። ተራዋ ደረሰ። ሚዛኑ አጠገብ ያለው ትናንት እቅፏ ላይ ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን «ጓድ» ትለዋለች። ስኳሩን እያፈሰ መዝገቡን ያያል።

«እትዬ፣ ትልቁ ልጅ ሰሞኑን አይታይም፤ የት ሄዶ ነው?»

«አክስቱ ጋ ነው፣ ጓድ።»

«የቷ አክስቱ?»

ስኳሩ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ነው። እናት ምራቋን ዋጠች።

አያችሁ፣ ወታደር ብቻውን ከተማ መግዛት አይችልም። የትኛው በር ወደየትኛው ጓሮ እንደሚያሾልክ፣ ማን አምሽቶ እንደሚገባ አያውቅም። ጎረቤት ግን ያውቃል።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሰል ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ፈጠፈጠ። ደርግ በተቃዋሚዎቹ ላይ ያወጀው ቀይ ሽብር ሲፋፋም የቀበሌው መዝገብ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። አሰሳው ቤት ለቤት ሆነ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ታጠቁ። ያለ ፍርድ መግደል «ነፃ እርምጃ» ተባለ። ጠዋት መንገድ ላይ የተጣሉ ልጆች ደረታቸው ላይ መፈክር ተለጥፎባቸው ይገኙ ነበር። ማልቀስ ተከለከለ። የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የከፈሉ ወላጆች አሉ።

ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ «ራስን ማጋለጥ» ነበር። ሰው በሰፈርተኛው ፊት ቆሞ ራሱን ይከሳል፤ አምልጦ ለመትረፍ የጓደኛውን ስም ይጨምራል። ስም የጠራም ስሙ የተጠራም በዚያው ሰፈር አብሮ ያድራል። ትልቁ ስብራት ይሄ ይመስለኛል። ቡና ሲፈላ ሳይጠራ ይመጣ የነበረ ጎረቤት ተጠርቶም ቀረ፤ የመጣውም ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ተነሣ። ግድግዳ ጆሮ ሲያበቅል መንግሥት ሌላ ዘበኛ ምን ያደርግለታል?

ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ከአገር ወጣ፤ በሳምንቱ አዲስ አበባ በሌላ ኃይል እጅ ገባች። ያ ሁሉ መዝገብ ግን ቀርቶ ነበር። ፊርማና ማኅተም ያረፈባቸው የግድያ ትእዛዞች በልዩ ዐቃቤ ሕግ እጅ ማስረጃ ሆኑ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ፍርድ ቤቱ መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለው። ሰውን ይቆጥር የነበረው ወረቀት መልሶ ገዢውን ቆጠረው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቤት መስጠት ደግ ነው፤ ስኳርም ደግ ነው። ነገር ግን የሚሰፍርላችሁ ሰው ካርዳችሁን አልፎ «ልጅሽ የት ነው?» ያለ ዕለት፣ ሌላ ሚዛን ላይ መውጣታችሁን እወቁ። ያቺ እናት ያን ቀን ስኳሯን ይዛ ገባች፤ ሻዩ ግን መረራት።