በጠጣር አካል የሃይድሮጅን ክምችት እና ኮምፒውተራዊ አምሳያው

አንድ ኪሎግራም ሃይድሮጅን ሲቃጠል ወደ 120 ሜጋጁል የሚጠጋ ኃይል ይሰጣል፤ ይህ መጠን ከአንድ ኪሎግራም ቤንዚን የሚገኘውን ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ቢሆንም፣ ያው አንድ ኪሎግራም በተለመደው የአየር ግፊትና በክፍል ሙቀት 12 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ሃይድሮጅንን ነዳጅ ለማድረግ ሲታሰብ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጋዙን በሃይድሮጅን በሚሄዱ መኪኖች ላይ እንደሚደረገው እስከ 700 ባር፣ ማለትም እስከ አየር ግፊት 700 እጥፍ ገደማ፣ አምቆ በጠንካራ ሲሊንደር መያዝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች እስከ 253 ዲግሪ ሴልሺየስ አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ ነው። ሁለቱም በራሳቸው ብዙ ኃይል ይፈጃሉ።

ሦስተኛው መንገድ በእንግሊዝኛ ሶሊድ ስቴት ሃይድሮጅን ስቶሬጅ የሚባለው ሲሆን፣ እዚህ «በጠጣር አካል የሃይድሮጅን ክምችት» ተብሎ ተተርጉሟል። ስያሜው ሃይድሮጅኑ ራሱ በረዶ ሆኖ ይጠጥራል ማለት አይደለም፤ ጠጣሩ ማከማቻው ነው። የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከአንዳንድ ብረታብረት ገጽ ሲደርስ ለሁለት አቶሞች ይከፈላል፤ አቶሞቹም ወደ ውስጥ ዘልቀው በብረቱ አቶሞች መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ይሰፍራሉ። በዚህ ሁኔታ የሚፈጠረው ውህድ ሃይድራይድ ይባላል። ፓላዲየም የራሱን ይዘት በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ሃይድሮጅን እንደሚመጥ ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1866 አሳይቶ ነበር፤ ይሁንና ፓላዲየም እጅግ ውድ በመሆኑ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ከቤተ ሙከራ አልወጣም።

ጉዳዩን ወደ ተግባር ያቀረበው በሆላንድ አገር አይንድሆቨን ከተማ የሚገኘው የፊሊፕስ ቤተ ሙከራ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያጠናው የላንታነምና የኒኬል ቅይጥ ነው። በዚህ ቅይጥ ለአንድ ላንታነም አቶም አምስት የኒኬል አቶሞች ይደርሱታል። ቅይጡ በዕቃ ውስጥ ሆኖ በክፍል ሙቀት ጥቂት ባር ግፊት ያለው ሃይድሮጅን ሲለቀቅበት ጋዙን እየመጠጠ ይሞቃል፤ መጠኑ በሩብ ያህል ስለሚያብጥም ብርማው ቁራጭ ይሰነጣጠቅና ጥቂት ጊዜ ሲሞላና ሲራገፍ ወደ ደቃቅ ግራጫ ዱቄት ይለወጣል። ግፊቱ ሲቀነስ ወይም ዱቄቱ ሲሞቅ ደግሞ ጋዙ ተመልሶ ይወጣል። በአንድ ሊትር ሲለካ የሚይዘው ሃይድሮጅን ከፈሳሽ ሃይድሮጅን ይበልጣል፤ በክብደት ሲሰላ ግን ሃይድሮጅኑ ከጠቅላላው 1.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ ማግኒዥየም 7.6 በመቶ ይይዛል፤ ነገር ግን የያዘውን አጥብቆ ስለሚይዝ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልሞቀ በበቂ ግፊት አይለቅም።

በእነዚህ ሁለት ጠባዮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቁጥር ይገለጻል፤ እርሱም «የምሥረታ ሙቀት» ማለትም ሃይድራይዱ ሲፈጠር የሚወጣው ሙቀት ነው። ለላንታነምና ኒኬል ቅይጥ ይህ ቁጥር በአንድ ሞል ሃይድሮጅን 31 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን፣ ለማግኒዥየም ወደ 75 ይደርሳል። በክፍል ሙቀትና በመጠነኛ ግፊት የሚሠራ ማከማቻ የሚፈልግ ተመራማሪ በግምት ከ30 እስከ 40 ኪሎጁል ባለው ጠባብ ወሰን ውስጥ የሚውል ቅይጥ ማግኘት አለበት። ንጥረ ነገሮቹም መጠናቸውም እየተለዋወጡ ሊቀየጡ ስለሚችሉ፣ ሁሉንም እያቀለጡ መፈተን የሰው ዕድሜ አይበቃውም።

«ኮምፒውተራዊ አምሳያ» የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ የአንድን ቁስ ጠባይ በሒሳብ ቀመሮች ወክሎ በኮምፒውተር ማስላትን ያመለክታል። ለዚህ ሥራ ዋነኛው መሣሪያ ዴንሲቲ ፋንክሽናል ቲዎሪ፣ በአማርኛ «የኤሌክትሮን እፍጋት ስሌት» ሊባል የሚችለው ዘዴ ነው። ዘዴው እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ለብቻው ከመከታተል ይልቅ ኤሌክትሮኖቹ በቦታው ሁሉ የተሠራጩበትን እፍጋት ያሰላል፤ መሠረቱን እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የጣለው ዋልተር ኮን በ1998 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። አሠራሩ በመርሕ ደረጃ ቀላል ነው፤ የሃይድራይዱ ኃይል ይሰላል፣ ከዚያም የባዶው ቅይጥና የሃይድሮጅኑ ጋዝ ኃይል ይቀነስበታል፤ ልዩነቱ ወደ ምሥረታ ሙቀቱ ያደርሳል።

ችግሩ ያለው በዚህ ልዩነት ትንሽነት ነው። ጋዙ የሚለቀቅበት ግፊት ከምሥረታ ሙቀቱ ጋር ያለው ዝምድና የመደመር ሳይሆን የመባዛት በመሆኑ፣ በስሌቱ ላይ የ10 ኪሎጁል ስሕተት ቢገባ በክፍል ሙቀት የሚተነበየው ግፊት ከ50 እጥፍ በላይ ይዛባል። ሃይድሮጅንም እጅግ ቀላል አቶም ስለሆነ በፍጹም ዜሮ ሙቀት እንኳ መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ይህን የመንቀጥቀጥ ኃይል ያላካተተ ስሌት ከወዲሁ የጎደለ ነው። በዚህም ምክንያት አምሳያው ይበልጥ የሚታመነው የአንድን ቅይጥ ግፊት ለይቶ ሲናገር ሳይሆን ተቀራራቢ ቅይጦችን ሲያወዳድር፣ ለምሳሌ ከኒኬሉ ጥቂቱ በአልሙኒየም ቢተካ ግፊቱ ከፍ ይላል ወይስ ዝቅ ይላል የሚለውን ሲመልስ ነው፤ በተቀራራቢ ቅይጦች ላይ ስሕተቶቹ ባመዛኙ ይጣፋሉና። የዚህ ጥያቄ መልስ ዝቅ ይላል የሚል ሲሆን፣ ቤተ ሙከራም ያረጋግጠዋል።

ከማወዳደርም በላይ አምሳያው ምክንያትን የማሳየት ችሎታ አለው፤ ምናልባትም ትልቁ ዋጋው ይህ ነው። በብረት ውስጥ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ከ0.2 ናኖሜትር ገደማ በታች አይቀራረቡም የሚል ከልምድ የተወሰደ ሕግ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተሙ ጥናቶች ግን ላንታነም፣ ኒኬልና ኢንዲየም ባሉበት ሃይድራይድ ውስጥ አቶሞቹ እስከ 0.16 ናኖሜትር ገደማ እንደሚቀራረቡ አሳዩ፤ ስሌቱም በሃይድሮጅኖቹ ዙሪያ ያሉት ኤሌክትሮኖች ወደ ላንታነምና ወደ ኢንዲየም በመሳባቸው መገፋፋታቸው እንደሚቀንስ ገለጸ። እንዲህ ያለውን የኤሌክትሮኖች አቀማመጥ ግፊትና ሙቀት ብቻ በሚለካ መሣሪያ ማየት አይቻልም።

ጋዙ ምን ያህል በፍጥነት ይገባል፣ ይወጣል የሚለው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነው። በማግኒዥየም ገጽ ላይ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ሃይድሮጅንን እንዳይገባ ሊያግድ ይችላል፤ የምሥረታ ሙቀት ስሌት ግን ስለዚህ ሽፋን ምንም አይልም። በመሆኑም ገጹን፣ የአቶሞቹን ጉዞና የዱቄቱን ሙቀት አስተላላፊነት የሚመለከቱ አምሳያዎች ለየብቻቸው ተሠርተው፣ የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ መነሻ እንዲሆን ይደረጋል።