ሚኒስትሩ ፓርቲያቸውን ሲለቁ

የጅቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች በቁጥር ይጠራሉ፤ ከካርቲየ አንድ ተነሥቶ እስከ ካርቲየ ሰባት ይዘልቃል። አገሪቱ በ1977 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ነፃ ከወጣች በኋላ የካርቲየ ሰባት ነዋሪ ድምፅ ከመስጠት አልተከለከለም፤ የተከለከለው ማማረጥን ነው። በ1979 የተመሠረተው የፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ፓርቲ በ1981 ብቸኛው ሕጋዊ ፓርቲ ሆነ። በ1982ም ሆነ በ1987 ለ65ቱ የፓርላማ ወንበሮች የቀረበው የዚሁ ፓርቲ ዝርዝር ብቻ ነበር። መራጩ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ሳይከት ውጤቱ የታወቀ ነው።

በኅዳር 1991 ፍሩድ የተባለው ግንባር በሰሜን የትጥቅ ትግል ጀመረ። በታኅሣሥ 18 ቀን ደግሞ በዋና ከተማዋ፣ በአርሂባ ሰፈር፣ ወታደሮች በሲቪሎች ላይ ተኮሱ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በሚቀጥለው ወር የጤና ሚኒስትሩ አቶ መሐመድ ጃማ ኤላቤ የመንግሥትን የጦርነት መንገድ ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ፓርቲውንም ተዉ።

እኒህን ሰው ቅዱስ ለማድረግ አልከጅልም። እስከዚያ ድረስ በአንድ ፓርቲ መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ነበሩ። ይሁን እንጂ ለተማሪዎቻችን የጊዜውን ቅደም ተከተል ማስረዳት ይገባናል። በጥር 1992 ፓርቲውን የለቀቀ ሰው የሚገባበት ሌላ ሕጋዊ ፓርቲ አልነበረም። ብዙ ፓርቲ የሚፈቅደው ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ከወራት በኋላ፣ በመስከረም 4 ቀን ነው፤ ያውም የፓርቲዎቹ ቁጥር ከአራት እንዳይበልጥ ተወስኖ! በሩ ከተከፈተ በኋላ መውጣትና ገና ተዘግቶ ሳለ መውጣት አንድ አይደለም።

ኤላቤ የዲሞክራሲያዊ ተሐድሶ ፓርቲን መሥርተው በታኅሣሥ 18 ቀን 1992 ለተካሄደው ምርጫ ቀረቡ። ፓርቲው በአገር አቀፍ ደረጃ ከተሰጠው ድምፅ ሩብ ያህሉን አገኘ። ከ65ቱ ወንበሮች ግን አንድም አላገኘም።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መራጩ የሚመርጠው ሰውን ሳይሆን የፓርቲን ሙሉ ዝርዝር ነበር፤ በምርጫ ክልሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ዝርዝር የክልሉን ወንበሮች በሙሉ ይወስዳል። ካርቲየ ሰባት የሚገኝበት የዋና ከተማው ክልል ደግሞ ከፓርላማው ወንበሮች ከግማሽ በላይ የያዘ ነበር። ስለዚህ ከመቶ የካርቲየው መራጮች አርባ ዘጠኙ ተቃዋሚን ቢመርጡ እንኳ፣ በከተማው ሁሉ እንዲሁ ከሆነ፣ ድምፃቸው ከንቱ ይቀራል። (በእኛም አገር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ነገር ግን ከአንድ ክልል የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ እንደዚያ በአንድ ጊዜ አይከመርም።) እንደ እኔ ግምት ኤላቤን ያሸነፋቸው ከተቀናቃኞቻቸው ይልቅ ይህ ደንብ ነው።

በግንቦት 1993 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው 22 ከመቶ ያህል በማግኘት ከሐሰን ጉሌድ ቀጥለው ሁለተኛ ሆኑ። በ1996 ዐረፉ። ከወንበሮቹ 20 ከመቶው በድምፅ መጠን እንዲከፋፈል ሕጉ የተሻሻለው በ2012 ነው፤ በ2013ቱ ምርጫም ተቃዋሚዎች የፓርላማ ወንበሮች አገኙ።

ለክፍል ሥራ፦ በ1992 ወንበሮቹ ሁሉ በድምፅ መጠን ቢከፋፈሉ ኖሮ ሩብ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ ከ65ቱ ስንቱን ይወስድ እንደነበር ተማሪዎች ያስሉ።