ማስታወቂያ ለየትኛው ንግድ ያዋጣል?

ማስታወቂያ የማርኬቲንግ አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር ጀሮም ማካርቲ በ1960 እ.ኤ.አ. ማርኬቲንግን በምርት፣ በዋጋ፣ በስርጭትና በማስተዋወቅ ከፍለውታል፤ ማስታወቂያ ያለው በአራተኛው ውስጥ ነው፤ እዚያም ብቻውን አይደለም።

በ1975 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ላ ኮሩኛ ከተማ የተከፈተው የልብስ መደብር ዛራ ለማስታወቂያ የሚያወጣው ገንዘብ በጣም ትንሽ ነው። ይልቁንም ሰው በሚበዛባቸው ጎዳናዎች ላይ ሱቅ ይከፍታል፣ መስኮቱን ያሳምራል፣ አዲስ ልብስ ቶሎ ቶሎ ያስገባል። ደንበኛው ዛሬ ያየውን ነገ ላያገኘው ስለሚችል ይመላለሳል። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ሳሙና የሚሸጠው በሌላ ሰው ሱቅ ነው፤ አምራቹ ስሙን ካላስታወሰ ገዢው አጠገቡ ያለውን ያነሳል።

ስለዚህ ነጋዴው ከሁሉ በፊት ገዢዬ ማን ነው ብሎ ይጠይቅ። ለሃያ ሱቆች በጅምላ ለሚያከፋፍል ሰው የሬድዮ ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል? ስልክ ይበቃዋል። አዲስ ዕቃ ለብዙ ሕዝብ የሚያቀርብ ግን ማስነገር አለበት፤ ያውም ዕቃው ሱቅ ከገባ በኋላ። አለዚያ ማስታወቂያውን ሰምቶ የመጣው ገዢ የሌላውን ይዞ ይሄዳል። በአገራችን ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ መሆኑንም ነጋዴው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይወቅ።