ስለ ኤሌክትሪክ መለኪያ ስሞች አመጣጥ

ቮልት፥ አምፔር፥ ኦም፥ ዋት የሚባሉትን ቃላት ተማሪ ሁሉ በአንድ ምዕራፍ ስለሚማራቸው በአንድ ቀን የተሰየሙ ይመስሉታል። ታሪካቸውን ስንመረምር ግን እያንዳንዱ ስም የወጣው የጊዜው ሥራ በፈለገው ተራ እንደ ሆነ አገኘን። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ቮልታ በ1800 ባትሪውን ሲገልጥ፥ ኦምም በ1827 ሕጉን ሲያሳትም፥ ሁሉ የተስማማበት መለኪያ አልነበረም። ሽቦ ኤሌክትሪክን የሚያግድበትን መጠን ያኮቢ በመዳብ ሽቦ፥ ቬርነር ሲመንስ ደግሞ አንድ ሜትር በሚረዝም የባዜቃ ዐምድ ይለኩት ነበር። ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሳለ ብዙ አላስቸገረም። ያስቸገረው የቴሌግራፍ ገመድ በባሕር ውስጥ መዘርጋት ሲጀምር ነው፤ ገመዱ ደኅና መሆኑንና የተበላሸበትን ስፍራ ለማወቅ የታመነ መለኪያ ግድ ሆነ። ስለዚህ የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር በ1861 ኮሚቴ አቆመ። ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ1881፥ በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ኦምን፥ ቮልትንና አምፔርን አጸደቀ።

ዋት ግን ከነዚህ ጋራ አልነበረም። ምክንያቱ፥ እንደ መሰለን፥ ቴሌግራፍ በጥቂት ባትሪ የሚሠራ ስለ ሆነ የጉልበቱን ብዛት የሚጠይቅ ሰው ባለመኖሩ ነው። ጠያቂውን ያመጣው ዲናሞ ነው።

ፋራዴይ በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚነሣ አሳየ። በሚከተለው ዓመት ፒክሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሣሪያ ሠሪ በእጅ የሚዞር ማመንጫ ሠራ፤ ዳሩ ግን የብረት ማግኔት ጉልበቱ አነስተኛ ነው። በ1867 መጀመሪያ ሲመንስ ያቀረበው አሳብ ይህን እንቅፋት አነሣ። መኪናው ከሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከፍሎ የራሱን ማግኔት ያበረታል፤ ለመነሻ የሚበቃው በብረቱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ማግኔትነት ነው። ዊትስቶንም በእንግሊዝ አገር በዚያው ዓመት ይህንኑ አቅርቦአል። «ዲናሞ» የሚለው ስም ኃይል ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው።

ዲናሞውን የሚያዞረው የእንፋሎት ሞተር በፈረስ ጉልበት ይቈጠር ነበርና፥ ከዲናሞው የሚወጣውስ በምን ይቈጠር? በ1882 የቬርነር ወንድም ዊልያም ሲመንስ፥ በአንድ ቮልት የሚገፋ አንድ አምፔር «ዋት» እንዲባል አሳብ አቀረበ። ስሙም በ1889 በፓሪስ ጉባኤ ጸደቀ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ያህላል። የፈረስን ጉልበት መለኪያ ያደረገው ራሱ ጄምስ ዋት ነበረ፤ ስሙ የፈረሱን ስፍራ ወሰደበት!

ኤሌክትሪክ በቤት ለቤት ሲሸጥ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ኤዲሶን በ1882 በኒውዮርክ ጣቢያውን ሲከፍት ደንበኛው የተጠቀመበትን ያወቀው፥ በቈጣሪው ውስጥ የነበሩትን የዚንክ ሰሌዳዎች በሚዛን መዝኖ ነው። የሚሸጠው ኃይሉ ብቻ ሳይሆን ኃይሉ የሠራበት ሰዓት ጭምር ነበርና ኋላ ኪሎዋት ሰዓት የሚባለው ስም ተለመደ።

በአማርኛ ግን ለሁለቱም «ኃይል» እንላለን፤ ይህም አንባቢን ያሳስታል። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ማመንጫ 43,200 ኪሎዋት አለው ሲባል፥ ቁጥሩ በዓመት ወይም በቀን የሚሰጠውን አይነግረንም፤ በአንድ ጊዜ ሊሰጥ የሚችለውን ብቻ ነው። ሙሉ ጉልበቱን አንድ ሰዓት ቢሠራ 43,200 ኪሎዋት ሰዓት፥ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ 21,600 ይሰጣል። ቈጣሪ የሚቈጥረው፥ ሂሳብም የሚከፈልበት፥ ይህ ሁለተኛው ነው።